አሥራ ስድስት የሚሉት ወንድሜ

ወንድሜን አልወደውም። ገና ከመነሻው ልናገረው፤ ወደ ኋላ አንድ ደግ ቃል ካመለጠኝ ስለ ሥራው ነው እንጂ ስለ እሱ አይደለም። ሰዉ ሁሉ «ሥጋሽ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ይለኛል። ሥጋዬ መሆኑን መች አጣሁት፤ ሥጋዬ ባይሆንማ ኖሮ ገና ድሮ ረስቼው ነበር።

ሥራው ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ፋብሪካው ከቅርንጫፉ፣ ክሊኒኩ ከመድኃኒት ቤቱ በኮምፒውተር እንዲገናኝ በየሕንጻው ራውተር ይተክላል፤ ራውተር ማለት መልእክቱ በየት በኩል ይሂድ የሚለውን የሚወስን ሣጥን ነው። እሱ በሚወደው ዘዴ ሣጥኖቹ ርቀትን የሚቆጥሩት በመንገድ ላይ በሚያልፉት ራውተር ብዛት ነው፤ አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ አሥራ አምስት ድረስ። አሥራ ስድስት ከተባለ አለቀ፣ ያ ቦታ አይደረስበትም ማለት ነው። ወንድሜ ይህችን ቁጥር ከሣጥኑ አውጥቶ ለሰው አደረጋት። ቀጠሮ ያፈረሰ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሥራ ስድስት ነው። ስልክ ያላነሳ ደንበኛ አሥራ ስድስት ነው። አንዴ በሩ ላይ መኪና ያቆመበት ጎረቤት ነጋዴ እስከ ዛሬ አሥራ ስድስት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው በራቸውን ሲከፍቱ እንደምን አደርክ እንኳ አይባባሉም። በዚሁ የተነሳ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው አሥራ ስድስት አሉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ወረቀትም አልፈለገም።

የሚሠራው ከቀለምና ሚስማር መሸጫ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮት የላትም። ግድግዳው ላይ ኬብል በየርዝመቱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ካቻቢቴዎቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ተደርድረዋል፤ አንዷን አንስቶ ያለ ቦታዋ የመለሰ ሰው ወዮለት። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሲያወራ የሚያየው ሰውን ሳይሆን ስክሪኑን ነው። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲሳሳት ይስላል። ሁለቴ ከሳለ በጣም ተሳስቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲስል፣ ወደ ኋላ እስከምነግራችሁ ቀን ድረስ፣ ሰምቼው አላውቅም።

እኔም ሙያውን የተማርኩት እዚያችው ክፍል ነው። ያኔ ጋሼ ነበር የምለው። ሦስት አሮጌ ራውተሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደረና በኬብል አያያዛቸው፤ ኮምፒውተሩን ከአንዱ ጀርባ ሰክቶ ጥቁሩን ስክሪን ከፈተና ጻፊ አለኝ። መጀመሪያ «ራውተር ሪፕ» ብዬ ዘዴውን ጠራሁ። ቀጥሎ «ቨርዥን ቱ» አልኩ፤ አሮጌው ዓይነት ከአዲሱ ጋር አይግባባምና። ከዚያ «ኔትወርክ» እያሉ አድራሻ መጻፍ ነው። ጎበዝ ለመባል ብዬ የሦስቱንም አድራሻ አንዱ ላይ ልደረድር ስል እጄን በማስመሪያ ቸብ አደረገኝ። የገዛ እጁ የሚነካውን ብቻ ጻፊለት፣ የቀረውን ጎረቤቶቹ ይነግሩታል አለ። ሰፈሩን ሁሉ ጠቅልሎ በአንድ ስም እንዳይጠራ «ኖ ኦቶ ሰመሪ» በዪ አለኝ። ኮምፒውተር ብቻ ባለበት በኩል ደግሞ «ፓሲቭ» ብለሽ አፉን ዝጊው፣ ሰሚ በሌለበት ምን ያስለፈልፈዋል አለ። ይህችን ምክር ራሱ ቢሰማት ስንቱ ሰው ባረፈ ነበር።

ስንጨርስ ሣጥኖቹ ማውራት ጀመሩ። በየሠላሳ ሴኮንዱ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ «እዚህ በአንድ እደርሳለሁ፣ እዚያ በሁለት እደርሳለሁ» ይላል። የሰማው አንድ ይጨምርበታል፣ ያምነዋል፣ ለሚቀጥለው ያወራል። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያየ አንድም የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ጎረቤቱ የነገረውን ብቻ ነው። እኔ «ይህማ የሰፈር ወሬ ነው» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ወሬስ ወሬ ነው፣ ግን ሕግ ያለው ወሬ ነው አለኝ።

ሕጉን ሊያሳየኝ ሕጉን አጠፋው። በሣጥኖቹ ላይ ያሉትን መጠንቀቂያዎች ሁሉ አነሳና በመካከለኛውና በመጨረሻው መሀል ያለውን ኬብል ነቀለ። መጀመሪያ አልሆነለትም፣ መካከለኛው ቀድሞ መንገዱ ሞተ ብሎ አወራ፤ እንደገና ሰክቶ ነቀለ፣ አሁንም እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ሆነ። መካከለኛው ራውተር ከመጨረሻው ጀርባ ያለውን ቦታ አጣው። ወዲያው ግን የመጀመሪያው «እኔ አውቀዋለሁ፣ በሁለት እደርሳለሁ» አለው። የመጀመሪያው ይህን የሰማው ከማን ሆነና? ከራሱ ከመካከለኛው ነው። መካከለኛው ግን የገዛ ወሬው ተመልሶ እንደመጣለት አላወቀም፤ አንድ ጨምሮ ሦስት ብሎ ያዘ። ያኛው ይህን ሰምቶ አራት አለ። ይህኛው አምስት። ኬብሉ ወንድሜ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ሁለቱ ሣጥኖች እየተቀባበሉ እስከ አሥራ ስድስት ቆጠሩ።

«አንዳቸውም አልዋሹም» አለኝ። «የሰሙትን ነው ያወሩት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፤ ወሬውን ላመጣልሽ ሰው ያንኑ ወሬ መልሰሽ አትንገሪው።»

ሁለተኛውን ሕግ እሱ ኩርፊያ ይለዋል። አንድ መንገድ ሞተ ከተባለ ራውተሩ ሦስት ደቂቃ ያህል ያኮርፋል፤ በዚያ መሀል ሌላ ጎረቤት መጥቶ መንገዱ አለ፣ እኔ አውቀዋለሁ ቢለው አይቀበልም። ያ የምሥራች አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ወሬ ስለሆነ ነው። እኔም መንገዱ በዚያ መሀል የምር ተጠግኖ ቢሆንስ ብዬ ጠየቅሁት። ይጠብቃላ፣ ምን ይሆናል አለኝ። እኔም ምንም የሚሆን ነገር አልታየኝም።

የተጣላነው በዱቄት ፋብሪካው ነው። ሁለት ቅርንጫፍ ነበረው፤ የሁለቱንም ራውተር የተከለው ራሱ ወንድሜ ነው፤ ያችን ጠቅልለህ አትጥራ የምትለዋን ትእዛዝ ግን ረሳት። ሁለቱም ራውተሮች የየራሳቸውን ትንንሽ ሰፈር በአንድ ትልቅ ስም ጠቅልለው «ትልቁ ሰፈር ያለው እኔ ጋ ነው» ማለት ያዙ። የዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር ማንን ይመን? የአንዱን ቅርንጫፍ መልእክት ለሌላው ይልክ ጀመር፤ የጭነት መኪኖች ትእዛዝ አጥተው በር ላይ ተገትረው ዋሉ። ሥራ አስኪያጁ ማን ነው የሠራው ብሎ ሲጮህ ወንድሜ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔ እነዚያን ቅርንጫፎች በእግሬ ረግጬ አላውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ወደ ክፍሏ ስንመለስ አንዴ ሳለ።

በሳምንቱ ሌላ ድርጅት ገባሁ። ዕቃዬን ይዤ ስወጣ «አንተ ባለህበት አልገኝም» አልኩት። ያልኩት ይህችን ብቻ ነው፤ ቃሏን ያዙልኝ።

እሱ ደግሞ አክስታችን ቤት ሄዶ፣ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ስድስት ናት ብሎ አወጀ። አክስታችን የእናታችን ታናሽ ናት። ልቧ የዋህ ነው፣ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። እናታችን የምትኖረው እሱ ቤት ነው፤ የራሷ ስልክ የላትም። የቤቱን ስልክ የሚያነሳው እሱ ነው፣ ድምፄን ሲሰማ ይጠረቅመዋል። ስለዚህ ከእኔ ወደ እናቴ፣ ከእናቴም ወደ እኔ የሚመጣ ቃል ሁሉ በወንድሜና በአክስቴ አፍ ማለፍ ነበረበት።

መጀመሪያ አክስቴ እናትሽ ቅር ብሏታል አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ ወንድሜ ቤት በር ድረስ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እማማ ‹ካልፈለገችኝ ትተወኝ› ብለዋል አለችኝ፤ ፌስታሉን ተቀብላኝ በሩን መለሰችው። ከዚያ ስምሽን እንዳታነሱብኝ ብላለች ተባልኩ። ቆይቶ ደግሞ ልጅ የለኝም ብላለች ተባልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በዚያኛው በኩል በእኔ ስም ምን እንደሚባል በምን ልወቅ? መሥሪያ ቤት መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ልቤ ደነደነ። እናት ልጇን ከካደች እኔ ማንን ልለምን ብዬ ተውኩት። ዓመታት እንዲሁ ነጎዱ።

እናቴ ነገሯ ሁሉ በዓይኗ ነበር። ተበሳጭታ እንኳ ብትሆን አንዴ ፊቴን ካየች ይበርድላት ነበር፤ አፏን ሳትከፍት በዓይኗ ብቻ ነይ ግቢ ትላለች። እኔም በልቤ አንድ ቀን ፊት ለፊት ካየችኝ ያልቃል እላለሁ። ይህችን ተስፋ ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ ያው የዱቄት ፋብሪካ ራውተሮቹን በአዲስ ልለውጥ ብሎ ሥራው ለእኛ ድርጅት ደረሰ። አሮጌዎቹን የተከለው ሰው መጥቶ የይለፍ ቃሎቹን ያስረክብ ተባለ። የማሽኑ ክፍል ጠባብ ነው፤ የዱቄት ብናኝ በበሩ ሥር እየገባ ሁሉ ነገር ላይ ተጋግሯል። ሁለታችንን እዚያ ውስጥ ዘጉን። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሸሚዙ ግን ያው እስከ አንገቱ ነው። ሰላምታ አልሰጠኝም፣ እኔም አልሰጠሁትም። ቃሎቹን አንድ በአንድ ይናገራል፣ እኔ እሞክራለሁ፣ ገባ እላለሁ፣ ያልፋል። የመጨረሻውን ራውተር ብሎኖች መፍታት ስጀምር፣ ሳያየኝ፣ ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው ሆኖ፣

«እናቴ ሞታለች ያለች ሰው እጇ እንዴት አይንቀጠቀጥም» አለ።

ካቻቢቴውን አስቀመጥኩት። በእውነት ልወረውርበት ነበር የከጀልኩት። ማን ነው ያለህ አልኩት፤ አክስትሽ አለኝ። ለእሷስ ማን ነገራት ስለው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ራሷ መጥታ ነው የነገረችኝ፣ እኔ ስጠረጥረው የነበረውን ሁሉ እሷም ሰምታዋለች አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ የማሸነፍ ነገር ነበረበት፤ ሁለት ምስክር ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ስልኬን አውጥቼ አክስቴ ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍቼ ራውተሩ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ሞታለች ማለቴን ከማን ሰሙ ብዬ ጠየቅኋት። ከአንቺማ አልሰማሁም፣ ወንድምሽ ነው የነገረኝ አለች። እሱ ዘሎ ገባ። እኔ ያልኩት እዚህ ቤት አልረግጥም ብላለች ነው አለ። አክስቴም አዎ፣ መጀመሪያ እሱን ነው ያልከኝ አለች።

«እኔም እናቷ ያለችበትን ቤት ካልረገጠች እናቷንም አልፈልግም ማለቷ ነው አልኩህ» አለች። «በወሩ አንተው መጥተህ እናቷንም አትፈልግም አልከኝ። እኔ ደግሞ፣ ያልፈለጓት እናትማ እንደ ሞተች ናት ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሞታለች ብላለች ያልከኝ አንተ አይደለህ? እኔ ካንተ ውጭ ከማን እሰማለሁ፣ ልጄ?»

አክስቴ እያለቀሰች ስልኩን ዘጋችው። እኔ ጣቴን አውጥቼ ፊቱ ላይ ቆጠርኩለት። አንተ ባለህበት አልገኝም። እዚህ ቤት አልረግጥም። እናቴን አልፈልግም። እናቴ ሞታለች። እያንዳንዱ አፍ አንድ ጨመረበት። በእኔ በኩልም የመጣው እንደዚሁ ነበር፤ ቅር ብሏታል ያሉኝ እየተቀባበሉት ልጅ የለኝም ሆነ።

«የገዛ ወሬህ ነው ተመልሶ የመጣልህ» አልኩት። «ማስመሪያ ይዘህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ሳለ። እንደገና ሳለ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳል አላቆም አለው። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ውሃ ልስጠው ወይ አላልኩም። ሲበርድለት መሬት መሬት እያየ፣ «እማዬ ዓይኗ ጠፍቷል» አለኝ።

ምን አልክ አልኩት። ቆየ እኮ አለ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል ብሎ ነበር፤ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ብላ ታይ ነበር አለኝ። እሱ አትመጣም፣ በከንቱ አትጠብቂ ይላታል። ያን ሁሉ ጊዜ ለእኔ የነገረኝ የለም፤ አሥራ ስድስት ለተባለ ሰው ማን መልእክት ይልካል? ራውተሩን በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ እንዳለ ትቼው ወጣሁ።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ስታየኝ ደነገጠች፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በሩን አልገረበበችውም። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ከብርድ ልብሱ ጠርዝ ክር እየመዘዘች ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ሚስቱ ጠጋ ብላ፣ እማማ፣ ልጅዎ መጣች አለቻት።

«ደግሞ ጀመራችሁ?» አለች እናቴ።

ሚስቱ ፊቷን ሸፈነች። ኮሪደሩ ላይ ወስዳ ነገረችኝ። እናቴ እህል አልበላም ብላ ባለቀሰች ጊዜ ጨንቋቸው ድምፅዋ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ጎረቤት ለምነው አመጡላት። የልጅነቴን ነገር ወንድሜ አስጠናት። ጎረቤቲቱም እኔ ነኝ፣ መጣሁልሽ አለቻት። እናቴ እጇን ይዛ ሳቀች፣ በላች፣ ስታጫውታት ዋለች። ወደ ማምሻው የሴትዮዋ ልጅ ከደረጃው ሥር «እማ፣ ነይ እንጂ!» ብላ ስትጣራ ሴትዮዋ ሳታስበው አቤት አለች። እናቴ እጇን ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ መጣች የሚላትን ማንንም አታምንም።

ገብቼ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። እማዬ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ድምፅሽ ይመስላል፣ ያችኛዋም ትመስል ነበር አለችኝ። ከደረጃ ወድቄ ጉልበቴን የተሰፋሁበትን አነሳሁባት። ይህን ወንድሟ ነው የነገረሽ አለች። እሷና እኔ ብቻ የምናውቀውን ፈለግሁ። ጓዳ ገብቼ ስኳር ስቅም ይዛኝ፣ ለማንም አልነግርብሽም ብላ አፌን በመዳፏ የጠረገችልኝን ነገርኳት። ጣቷ ላይ ያለውን ክር ማዞር አቆመች።

«እሷ ለወንድሟ የማትነግረው ነገር አልነበረም» አለች። «ይዋደዱ ነበር።»

ወንድሜ ከፋብሪካው ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሰምቷል። አልሳለም። ይቅር አላልኩትም፣ አልለውምም። አሁን በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እዚያ ነኝ፤ በሩን ሲከፍትልኝ በአጠገቡ አልፌ እገባለሁ። ማን እንደሆንኩ መናገሩን ትቻለሁ፤ በተናገርኩ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሣጥኑ የሚያኮርፈው ሦስት ደቂቃ ነው፤ የእሷን ማንም አልወሰነውም። ጥፍሯን እቆርጣለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራለሁ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ደረጃውም እናወራለን። እጄን ለምዳዋለች፤ ስዘገይ የት ቀረች ያቺ ሴትዮ ትላለች አሉ።

ትናንት እያበጠርኳት ሳለ እጄን ያዘችኝ።

«እናት አለሽ?» አለችኝ።

«አለችኝ።»

«ታዲያ ሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ እሷ ጋ። በር በሩን ስታይ ትሆናለች።»

እሺ አልኳት፤ ከእጄ የወደቀውን ማበጠሪያ ከአልጋው ላይ አንስቼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።